ነጩ ፓስታ፦ በአንድ ሰዓት ለልጆቹ፣ በሦስት ሰዓት ለእናታቸው

ትልቋ ልጃችን የክፍሏ ልጅ ልደት ላይ ተጠርታ ነጭ ፓስታ በልታ መጣች። ፓስታ ለቤታችን ብርቅ አይደለም። በሳምንት ሁለቴ ይበላል፤ ግን ሁልጊዜ በቲማቲም ሱጎ ነው። «አባዬ፣ የነሱ ነጭ ነው። ካሮትና ሥጋ አለው። አፍ ውስጥ ልስልስ ይላል» አለችኝ። በሁለተኛው ቀንም ደገመችው፣ በሦስተኛውም። ልጅ ምግብ እንዲህ ሲያምረው ሰምቶ ማለፍ ይከብደኛል።

ማታ ማታ የማበስለው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ነርስ ናት። በዚህ ወር የከሰዓት ተራ ስለደረሳት ቤት የምትገባው ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እገባለሁ። ትንሹ ልጅ ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ከቆየ ሶፋ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ራት ከ1 ሰዓት ማለፍ የለበትም። የቤት ሥራም መታየት አለበት። ለማብሰያ የሚተርፈኝ 40 ደቂቃ ነው።

ሌላም ነገር አለ። እሷ ስትገባ የምትበላው ራት ለልጆቹ የተሠራውን ያህል ጥሩ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆማ የዋለች ሴት የደረቀ ፓስታ አይገባትም።

የታሸገ ክሬም አንዳንድ ትልልቅ ሱቆች ውስጥ አይቻለሁ። ዋጋው ለሳምንታዊ ራት አይሆንም፤ በፈለጉት ቀንም አይገኝም። ስለዚህ ሁልጊዜ በምናገኘው ወተት፣ ቅቤና ዱቄት ልሞክረው ነው። የሆነውን ሁሉ ማታ ዕቃ ካጠብኩ በኋላ እዚህ እጽፋለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ከሥራ ስወጣ ዝናብ ነበር። ጅማ ውስጥ ጥቅምት ገባ ተብሎ ጃንጥላ አይቀመጥም። በባጃጅ ስመጣ ሥጋ ቤት ወርጄ ሩብ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ገዛሁ። ከሱቅ ደግሞ ባለ 500 ግራም ፓስታና ግማሽ ሊትር ወተት ያዝኩ።

የሠራሁት ይህን ነው። ሽንኩርት አቁላላሁ፣ ሥጋውን ጨመርኩ፣ ሁለት ቲማቲም ከተፍኩበት፤ እንደ ወትሮው ሱጎ ማለት ነው። ሲበስል ወተቱን ቀጥታ ከፍሪጅ አውጥቼ አፈሰስኩበት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወተቱ ተቆራረጠ። ቀይ ውሃ ላይ ነጭ ፍርፋሪ ተንሳፈፈ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቲማቲም ኮምጣጣ ነው። ኮምጣጣ ነገርና ሙቀት ሲገናኙ የወተቱ ፕሮቲን ተያይዞ ከውሃው ይለያል። እናቶቻችን ከአሬራ አይብ የሚያወጡት በዚሁ መንገድ ነው። እኔ ሳላስበው ድስቱ ውስጥ አይብ አውጥቻለሁ።

ጣዕሙ መጥፎ አልነበረም፤ በልተነዋል። ትልቋ ግን «ይሄ ነጭ አይደለም፣ ሮዝ ነው» አለች። ልክ ናት። ከበር እስከ ገበታ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ፈጀ።

ለነገ፦ ቲማቲም አይገባም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ቤሻሜል ሞከርኩ። ላዛኛ የበላ ሰው ያውቀዋል፤ ከመሃል የሚቀባው ነጭ ነገር ነው። የገበታ ቅቤ ይቀልጣል፣ የፊኖ ዱቄት ይገባበታል፣ ከዚያ ወተት። በወሬ ቀላል ነው።

ቅቤውን አቀለጥኩ። አራት ማንኪያ ሙሉ፣ ከነክምሩ፣ ዱቄት ጨመርኩ። ወተቱን በአንድ ጊዜ ገለበጥኩት። ዱቄቱ ጓል ጓል ሆነ። በማማሰያ እያሸሁ ግማሹን አፈረስኩት፤ ግማሹ እምቢ አለ። የቀረውን በሻይ ማጥለያ አሳለፍኩት። ከጓሉ ሲወጣ ደግሞ በጣም ወፍራም ነበር። ትንሹ ልጅ ሳህኑን አይቶ «ገንፎ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ቅቤና በርበሬ መሃሉ ላይ እንዲደረግለት ጠብቆ ነበር።

ያ ጥያቄ ግን ረዳኝ። እናቴ ገንፎ ስታገነፋ ዱቄቱን ከውሃው ጋር የምታገናኝበትን አኳኋን አስታወስኩ። ጥቂት በጥቂት ነው፤ እጇም አያርፍም። ዱቄት በአንድ ጊዜ ሙቅና ብዙ ፈሳሽ ሲያገኘው ላዩ ቶሎ ይበስልና ውስጡን ደረቅ አድርጎ ይዘጋዋል። ጓል ማለት ያ ነው። ገንፎም ሆነ ቤሻሜል ጠባያቸው አንድ ነው።

ሌላው ስህተት መጠኑ ነው። አራት ክምር ማንኪያ ለግማሽ ሊትር ወተት እጥፍ ማለት ይቻላል። በሚቀጥለው ሁለት ለጥ ያለ የሾርባ ማንኪያ እሞክራለሁ። ዱቄቱንም ከቅቤው ጋር ቢያንስ አንድ ደቂቃ ማብሰል አለብኝ፤ ዛሬ የጥሬ ዱቄት ጣዕም ነበረው።

ጊዜ፦ 65 ደቂቃ። ባለቤቴ ስትገባ የእሷ ድርሻ ተጋግሮ ቆየ። እንቁላል ጠብሼ ሰጠኋት።

ረቡዕ

ጾም ነው። ሽሮ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ቀን ነው። ከሰዓት ትምህርት ስላልነበረኝ ዘንቢል ይዤ ወጣሁ። ሐሙስ ሂርማታ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። ካሮቱ አፈሩን እንደያዘ ነው። ቆስጣው ጠዋት የተቆረጠ ነው። ማር አለ፣ ኮረሪማ አለ፣ ቅመሙ ከሩቅ ይሸታል። ካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ቆስጣ፣ ሁለት ዝኩኒ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ገዛሁ። ቃሪያው ለባለቤቴ ነው። ያለ ቃሪያ ምግብ አይጥማትም፤ በላዩ ከትፋ ትበትነዋለች። በኮባ የተጠቀለለ አይብም አየሁና ገዛሁ። ወፍራም የሆነው ሁሉ ነጭ ፓስታ ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ።

ስመለስ በፈረንጅ አራዳ በኩል በእግሬ መጣሁ። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩባቸው ዓመታት ጅማን የአንድ ትልቅ ግዛታቸው ዋና ከተማ አድርገዋት ነበር። ከሠሯቸው ቤቶች እስከ ዛሬ የቆሙ አሉ። ፓስታ፣ ሱጎ፣ ሳልሳ፣ ፎርማጆ፣ ፉርኖ የምንላቸውም ቃላት ጣሊያንኛ ናቸው። ሰዎቹ ሄደዋል፤ ቃላቱ ወጥ ቤታችን ውስጥ ቀርተዋል። ነጩ ሱጎ ግን እኛ ቤት እስካሁን አልገባም ነበር።

ወደ ሥራው። አይቡን ከትንሽ ወተት ጋር በሹካ ደቁሼ ትኩስ ፓስታ ላይ ጨመርኩት። አልቀለጠም። እሳት ላይ መልሼ ሞከርኩ፤ አሁንም አልቀለጠም፣ እንዲያውም እህል እህል አለ። የእኛ አይብ በሙቀትና በኮምጣጣነት የረጋ ስለሆነ ዳግም ቢሞቅ አይፈስም። ፎርማጆ ይቀልጣል፣ አይብ አይቀልጥም። ለክትፎ የተፈጠረ ነገር በግድ ክሬም አይሆንም።

አትክልቱ ግን ዛሬ መልክ ያዘ። ካሮቱን እንደ ክብሪት እንጨት ቀጭን አድርጌ ቆረጥኩት። ፎሶሊያውን በሰያፍ ቆረጥኩ። ሁለቱንም ለብቻ አላበሰልኳቸውም። ፓስታው ሊደርስ 5 ደቂቃ ሲቀረው እዚያው ድስት ውስጥ ጨመርኳቸው። አብረው በሰሉ፣ አብረው ተጠለሉ። አንድ ድስትና አሥር ደቂቃ ተረፈልኝ። ይህን ዘዴ ከዛሬ ጀምሮ አልተወውም።

ዝኩኒ ግን ውሃ ያወጣል። ድስት ውስጥ ከገባ ይሟሟል። ለብቻው በሞቀ መጥበሻ ላይ ቶሎ መጠበስ አለበት። ጊዜ ከሌለ ይቅር።

ስለ ፓስታው ደግሞ አንድ ነገር። ማሸጊያው 9 ደቂቃ ይላል። እኔ ቤት 11 ይፈልጋል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፣ 100 ላይ አይደለም። ውሃው እየተንፈቀፈቀ ቢሆንም ሙቀቱ ያነሰ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ሳይሆን ጥርስን ማመን ነው። አንድ ዘለላ አውጥቶ መቅመስ፤ መሃሉ ትንሽ ጠንከር ሲል ይወጣል፤ የቀረውን ሱጎው ውስጥ ይጨርሰዋል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ዛሬ የምጣደፍበት ነገር ስላልነበረ ፓስታ ሳላበስል ነጩን ሱጎ ብቻ ፈተንኩ። በሦስት ትንንሽ ድስት፣ እያንዳንዱ በአንድ የሻይ ብርጭቆ ልክ።

አንደኛው እርጎ ብቻ ነው። ሞቅ እንዳለ ተለያየ። ውሃው ለብቻ፣ ፍርፋሪው ለብቻ።

ሁለተኛው እርጎ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ጋር ነው። ቀዝቃዛ እያለ በደንብ መታሁት፤ ከዚያ በትንሽ እሳት፣ ሳይፈላ። ይሄ ያዘ! ዱቄቱ ፕሮቲኑ እንዳይያያዝ ይከላከለዋል። ወፍራምና ለስላሳ ሆነ። ጎምዛዛነቱ ግን አለ። ልጆቹ አልወደዱትም። ባለቤቴ ቃሪያ ጨምራ በዳቦ ጨረሰችው። ለሌላ ቀን፣ ለሌላ ምግብ ይሆናል።

ሦስተኛው እንደ ማክሰኞ ቤሻሜል ነው፤ ግን ቀስ ተብሎ። አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ፣ ሁለት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ዱቄት። አረፋ እያለ አንድ ደቂቃ ተኩል አበሰልኩት። ከዚያ ድስቱን ከእሳት አወረድኩ። ወተቱን መጀመሪያ በጠብታ፣ ቀጥሎ በማንኪያ፣ በመጨረሻ በማፍሰስ ጨመርኩ፤ በሹካ ያለማቋረጥ እያማሰልኩ። አንድም ጓል የለም። መልሼ ስጥደው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ማንኪያ ጀርባ ላይ የሚቆይ ሆነ። ማንኪያውን አንስቼ ለትልቋ አሳየኋት። ምንም ሳትለኝ ጣቷን ከተተችበት።

ጣዕሙ ግን ባዶ ነበር። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ባዶ።

ለዚህ መልሱ ከበር መጣ። ወተት የሚያመጡልን እናት ቅዳሜ ጠዋት ሒሳብ ይቀበላሉ። «አደ፣ ከወተቱ ክሬም የሚሆን ነገር እንዴት ይወጣል?» አልኳቸው። ገረማቸው። «ወተቱን ታፈላው የለ? ላዩ ላይ የሚይዘውን ምን ታደርገዋለህ?»

«ስልባቦቱን? ልጆቹ ስለማይወዱት አውጥቼ እጥለዋለሁ።»

«ልጄ፣ የወተቱን ቅባት እየጣልክ ነዋ ወተት የምትገዛው!» አሉኝ። በእውነት አዝነው ነው የተናገሩት።

ጥሬ ወተት ሁልጊዜ አፍልተን ነው የምንጠጣው፤ ሳይፈላ መጠጣት በሽታ ያመጣል። ስለዚህ ስልባቦት በየቀኑ አለን። ከዛሬ ጀምሮ በትንሽ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ላጠራቅመው ነው፤ ከሁለት ቀን ሳያልፍ። ዛሬ የነበረችውን አንድ ማንኪያ ሞቅ ካለው ሱጎ ጋር መታሁት። ጣዕሙ ተለወጠ። ሙሉ ሆነ።

ባለቤቴ ደግሞ ኮረሪማ አመጣች። ጣሊያኖች ቤሻሜል ውስጥ ገውዝ ያደርጋሉ። ኮረሪማ ግን የዚሁ የደቡብ ምዕራብ ጫካ ልጅ ነው። ሁለት ፍሬ ዘሩን ወቅጣ ቁንጥር ታህል ጨመረች። እኔ የቡና ሽታ ይመጣብናል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልመጣም። ወተቱን ብቻ አሞቀው። ከቁንጥር በላይ ግን አይጨመርም፤ ከበዛ ሌላው ሁሉ ይጠፋል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

12 ሰዓት ከ5 ላይ መብራት ጠፋ። ውሃው ገና ለብ ብሏል። ሥጋው አልተነካም። ትንሹ ርቦታል።

ከሰል አቀጣጠልኩ። ምድጃው አንድ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር በአንድ ብረት ድስት መሆን ነበረበት። የነበረኝም መኮሮኒ ነው። ሥጋውን በዘይት ጠበስኩ፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት ተከታተሉ። አንድ ሊትር ውሃ፣ ጨው፣ 350 ግራም መኮሮኒ እዚያው ላይ። አልተጠለለም፤ ውሃው እስኪመጠጥ እያማሰልኩ ቆየሁ። ካልተማሰለ ከሥር ይይዛል፤ አንዴ ለበር ዞር ብዬ ስመለስ መያዝ ጀምሮ ነበር። መጨረሻ ላይ አንድ የሻይ ብርጭቆ ትኩስ ወተትና ያጠራቀምኩትን ስልባቦት ጨመርኩ።

የሚገርመው ዱቄት አላስገባሁም። ሱጎው ግን ወፍራም፣ የሚያብለጨልጭ፣ መኮሮኒው ላይ የተለጠፈ ሆነ። በሻማ ብርሃን ሦስታችን ከድስቱ ዙሪያ በላን። ትልቋ «ነጭ ነው እንዴ? አይታየኝም፤ ግን እሱ ነው» አለች።

ሌሊቱን ያሰብኩት ይህን ነው። ፓስታ ሲበስል ስታርች ወደ ውሃው ይለቃል። እኔ ሁልጊዜ በትልቅ ድስት ብዙ ውሃ አፈላና ያንን ውሃ ገንዳ ውስጥ እደፋዋለሁ። የሚያወፍረውን ነገር እየደፋሁ በዱቄት ለማወፈር ስታገል ነበር። ስልባቦቱን እጥላለሁ፣ የፓስታውን ውሃ እደፋለሁ፤ ከዚያ ክሬም ጠፋ እላለሁ።

ከዚህ በኋላ ለ350 ግራም ፓስታ ሁለት ሊትር ውሃ ብቻ። ቶሎ ይፈላል፤ ውሃውም ይወፍራል። አንድ ትልቅ ኩባያ ሳይደፋ ይቀመጣል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ስለ ሥጋው ብቻ።

መጀመሪያ የተከተፈ የጥብስ ሥጋ አስቤ ነበር። ለፈጣን ራት አይሆንም። እኛ የምንገዛው ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ ዛሬ የታረደ ነው። ለጥሬ ሥጋ ጥሩ ነው፤ በአሥር ደቂቃ እንዲለሰልስ ግን መጠበቅ አይቻልም። የተፈጨው ይሻላል። ዛሬ ሥጋ ቆራጩን «ወንድሜ፣ ትንሽ ጮማ ጨምርበትና አንድ ጊዜ ብቻ ፍጨው» አልኩት። ቀይ ሥጋ ብቻ ሲሆን አሸዋ አሸዋ ይላል። ሁለቴ ሲፈጭ ደግሞ ሊጥ ይሆናል።

መጥበሻው በደንብ መጋል አለበት። ሥጋው ይዘረጋል፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ አይነካም። እኔ ድሮ እንደገባ ማማሰል እጀምር ነበር። መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው ውሃ ያወጣል፣ ጥብስ መሆኑ ቀርቶ ቅቅል ይሆናል። አሁን ሥሩ ቡናማ እስኪሆን እጠብቃለሁ። ጨው የምጨምረው ቡናማ ከሆነ በኋላ ነው። ሥሩ ላይ የተለጠፈውን በአንድ ጭልፋ የፓስታ ውሃ እፈቀፍቀዋለሁ። ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

11 ሰዓት ከ40 ጀመርኩ። 12 ሰዓት ከ18 ላይ ሳህን ቀረበ። 38 ደቂቃ!

ቅደም ተከተሉ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ጫማዬን ሳላወልቅ ውሃውን ከድኜ ጣድኩ። ውሃው እስኪፈላ አትክልቱን ቆረጥኩ፤ ትልቋ ፎሶሊያውን ቀነጠበችልኝ። ውሃው ሲፈላ ሁለት የሻይ ማንኪያ ግድም ጨውና ፓስታው ገቡ። በሌላው እሳት ሥጋው። ሥጋው ሲወጣ በዚያው መጥበሻ ቅቤና ዱቄት፣ ከዚያ ወተት። የቆስጣውን ግንድ ከፎሶሊያው ጋር ድስት ውስጥ፣ ቅጠሉን መጨረሻ ላይ ሱጎው ውስጥ፤ ሠላሳ ሰከንድ ይበቃዋል። ሁሉም ተገናኙ፣ አንድ ጭልፋ የፓስታ ውሃ፣ ስልባቦት፣ ኮረሪማ፣ ቁንዶ በርበሬ።

ልጆቹ ፀጥ ብለው በሉ። ቤታችን ውስጥ ይህ ብዙ አይታይም። ትልቋ ሳህኑን በዳቦ ጠረገች። «ከልደቱ ይበልጣል» አለች። ካሮት የማይበላው ትንሹ ካሮቱን ሳይለቅም ጨረሰ።

የባለቤቴን ድርሻ በሳህን ከድኜ አስቀመጥኩ። 3 ሰዓት ላይ ስትገባ ከፈትኩት። በማንኪያ ብነካው አንድ ላይ ተነሳ። ወተት አፍስሼ አሞቅሁት፤ ላዩ ውሃ፣ ውስጡ ሊጥ ሆነ። «ይጣፍጣል» አለችኝ። ግማሹን ተወችው። ጣፍጧት አይደለም። ደክሟት ስለማታስቀይመኝ ነው።

ነገሩ ግማሽ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ለምን እንደሚጋገር ሳስብ ዋልኩ። ሁለት ነገር አለ። ስታርች ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ የቀዘቀዘ አጥሚትን ማየት ነው። ፓስታው ደግሞ ከሱጎው ጋር ተቀምጦ ፈሳሹን መምጠጡን አያቆምም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሱጎው ፓስታው ሆድ ውስጥ ይገባል። ወተት ጨምሮ ማሞቅ የተመጠጠውን አይመልሰውም።

ስለዚህ መለያየት አለባቸው። የእሷን ፓስታ ከሌላው ሦስት ደቂቃ ቀድሜ አወጣለሁ። በቀዝቃዛ ውሃ አለቀልቅና አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት አሸዋለሁ፤ እንዳይጣበቅ። ሱጎዋን ከነሥጋው ቀጠን እንዳለ ለብቻ፣ በትንሽ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ። ቆስጣው ጥሬውን ይቆያታል። የፓስታ ውሃ አንድ ኩባያ፤ ሌላ የሚቀመጥ ነገር የለም።

ዛሬ በትንሽ መጠን ሞከርኩት። ከምሳ እስከ አሥር ሰዓት አቆየሁና አገናኘሁት። ሠርቷል። ግን ቤት ነበረችና ማታውን የሚመስል ፈተና አልነበረም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ዛሬ መጠኑን ሁሉ መዝኜ ሠራሁ። ለአራት ሰው ነው፤ ሁለቱ ልጆች ናቸው።

ፓስታ 350 ግራም፣ ውሃ ሁለት ሊትር። የተፈጨ ሥጋ ሩብ ኪሎ፣ ዘይት ሁለት የሾርባ ማንኪያ። አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት። ሁለት ካሮት፣ አንድ እፍኝ ፎሶሊያ፣ አራት የቆስጣ ቅጠል። የገበታ ቅቤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ፊኖ ዱቄት ሁለት ለጥ ያለ የሾርባ ማንኪያ፣ ግማሽ ሊትር የፈላና የበረደ ወተት። ስልባቦት ያለውን ያህል። ኮረሪማ ቁንጥር፣ ቁንዶ በርበሬ እንደ ፍላጎት። ፎርማጆ ካለ በመጨረሻ ይፈቀፈቅበታል። ዛሬ አልነበረም፤ አላጎደለም።

ፓስታው 8 ደቂቃ ሲሞላው የእሷን በሹካ ለቅሜ አወጣሁ። የቀረው 11 ደቂቃ ቆየ። ልጆቹ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በልተው ጨረሱ። 36 ደቂቃ ፈጅቷል። የቤት ሥራው ሒሳብ ነበር፤ እሱንም ጨረስን። ትንሹ አልጋው ላይ ተኛ፣ ሶፋው ላይ አይደለም።

3 ሰዓት ከ10 ላይ የበሩ ድምፅ ተሰማኝ። ጫማዋን እስክታወልቅ መጥበሻውን ጣድኩ። መጀመሪያ ግማሽ ኩባያ የፓስታ ውሃ፤ ሲፈላ ሱጎው። ቀዝቅዞ ረግቶ ነበር፤ ውሃው ውስጥ ቀስ ብሎ ተፈታ። አንዴ ተንፈቅፍቆ በደንብ ሲሞቅ ፓስታው ገባ። ሦስት ደቂቃ እያገላበጥኩ። ጥሬው ቆስጣ መጨረሻ። ሱጎው መልሶ አብለጨለጨ፤ ከፓስታው ላይ አልወረደም፣ አልረጋም።

እጇን ታጥባ መጣች። ሳህን ላወጣ ስል ሹካ አንስታ ከመጥበሻው ጀመረች፤ ቆማ። ሁለት ጉርሻ ምንም አላለችም። ሦስተኛው ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መጥበሻውን ወደ ራሷ አስጠጋችው።

«ቃሪያ አለ?» አለችኝ።

ከትፌ አስቀምጬላት ነበር።